የፊንጫ ዳርቻ ለነዋሪው በውል ይሰጥ

የነቀምቴ፣ የሻምቡ፣ የጊምቢ፣ የደምቢዶሎ ልጆች፣ ወለጋ የወደብ ታሪክ አለው ብንል ይገርማችሁ ይሆናል። ባሕር የለንም፤ የባሮ ወንዝ በር ግን ነበረን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ ኢታንግ አቅራቢያ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። የንግድ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ ከደምቢዶሎ በኩል የሚወርደው ቡናችንም በዚያው ወደ ሱዳን ተጫነ። ውሉ መሬቱ ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ደነገገ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ መሬቱ ተመለሰ።

ለባዕድ መንግሥት የወንዝ ዳር መሬት ለክተን፣ ዘመን ወስነን፣ አገልግሎቱን ጽፈን መስጠት ከቻልን፣ ለገዛ ጎረቤቶቻችን እንዴት ያቅተናል?

እዚሁ ወለጋ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ ግድብ ሲዘጋ የጮመን ረግረግ፣ የግጦሽ መስኩና እርሻው ከውኃ በታች ሆኑ። ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ። ያ ውኃ አገር አበራ፤ ቁልቁል ወርዶም የስኳር አገዳ አጠጣ። ለአገር የተከፈለ ዋጋ ነበር፤ የከፈሉት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው።

በ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሐይቅና ወንዝ የመንግሥት ይዞታ ተብለው ነበር። ያው አዋጅ ግን መንግሥት ለአካባቢው ነዋሪ በጋራ እንዲጠቀምበት የሚሰጠውን መሬት የወል ይዞታ ብሎ ያውቀው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስንመጣ የምናልፋት ጊንጪ አጠገብ፣ የጭልሞ ደን ጥበቃና አጠቃቀም ከነዋሪው ማኅበራት ጋር በስምምነት ተይዟል። መንግሥት ደኑን አላጣውም፤ ጠባቂ ጨመረ እንጂ። ለደን የሆነ ለፊንጫ ሐይቅ ዳርቻስ ስለምን አይሆንም? ዳርቻው ለጀልባ ማስጠጊያ፣ ለዓሣ ማውረጃና ለከብት ማጠጫ እንዲውል ለነዋሪው ማኅበር በውል ይሰጥ።

ይህ የሁላችን ሥራ ነው። ውኃው ሳይመጣ ድንበሩ የት እንደነበር የምታውቁ አባቶች፣ ውረዱና አሳዩን። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሜትራችሁን ይዛችሁ ውረዱና ለኩልን። የእድር ዳኞችና ገንዘብ ያዦች፣ ሳንቲም ሳይጎድል መዝገብ መያዝን እናንተ ታውቁበታላችሁና አስተምሩን። በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ገንዘቡ ይቆየን፤ በየዓመቱ የማኅበሩን ሒሳብ የሚጠይቅ ዓይን ሁኑን። ውኃ የምትቀዱ እናቶች፣ ያለ እናንተ ድምፅ ደንቡ አይጻፍ።

እውነቱን እንናገር፤ ማኅበር የሚባለው ስም ለጥቂት ቀልጣፎች አጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳርቻው አይሸጥ፣ አይታጠር፣ በዋስትና አይያዝ። አባልነቱ መሬት ለሌለው ወጣትና ለዓሣ አስጋሪው ክፍት ይሁን። ውሉ ሲጣስ ወረዳው መሬቱን መልሶ የመረከብ መብት ይኑረው። ደለል ወደ ውኃው እንዳይገባ በዳርቻው ሣርና ዛፍ መትከል የማኅበሩ ግዴታ ይሁን። ከምኒልክ ውል የምንማረው ይኸው ነው፦ ስፋቱ ይጻፍ፣ ዘመኑ ይጻፍ፣ አገልግሎቱ ይጻፍ።

እንግዲህ አጀንዳው በየቀበሌው ስብሰባ ይያዝ፤ መስመሩ ይለካ፤ ደንቡ ተረቅቆ ለወረዳው ይቅረብ። በቃለ ጉባኤው ላይም አስቀድመው የሚፈርሙት ከጮመን መስክ የተነሡት ቤተሰቦች ልጆች ይሁኑ።