ከፉል ጋሪው አጠገብ እንቁም
በካይሮ ለምንማር ኢትዮጵያውያን

ለትምህርት ከአገሩ የወጣ ሰው የሚኖርበትን አገር ሕዝብ የሚያውቅበት መንገድ ብዙ አይደለም። በመማሪያ ክፍል የሚያገኘው መምህሩንና የክፍል ጓደኞቹን ነው። በመሥሪያ ቤት መስኮት የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያድስለትን ጸሐፊ ነው። በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚያገኘው ደግሞ ባለሥልጣናት እንዲታይ የፈለጉትን ነው። ሰፊው ሕዝብ ከእነዚህ ከሦስቱም ውጭ ይኖራል። እዚህ ካይሮ ውስጥ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ተማሪውና ጡረተኛው በየማለዳው ትከሻ ለትከሻ ቆመው የሚገኙት በፉል ጋሪ ዙሪያ ነው። ስለዚህም ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ ከተማ ዓመታት ኖረው አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ጋሪ አጠገብ ሳይቆሙ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን እንደ ተራ የምግብ ምርጫ ልናየው አይገባም። የትምህርታችን ጉድለት ነው።

እስቲ አኗኗራችንን እንመልከት። ከአገር ስንመጣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ቡና በሻንጣ ጭነን እንመጣለን። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ የእናቱን ስንቅ የሚንቅ የለም። ስንቁ ሲያልቅ ግን ሁለት ዓይነት ኑሮ ይጀመራል። ከፊሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሩዝና ማካሮኒ እየቀቀለ፣ እርስ በርሱ ብቻ እየተጫወተ፣ ዓረብኛን ለፈተና ጊዜ አስቀምጦ ይከርማል። ከፊሉ ደግሞ፣ በተለይ ከዘመድ ገንዘብ የሚላክለት፣ ባለ መስታወት የፈረንጅ ምግብ ቤት ገብቶ ብዙ ቀን ሊያበላው የሚችለውን ገንዘብ ለአንድ ምሳ ዶሮ ጥብስ ይከፍላል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ፉል ጋሪ ሲጠየቁ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፦ ንጽሕና የለውም፤ ለተማረ ሰው ክብር አይመጥንም፤ የሰዉም ዓይን አያስቆምም። እነዚህን ሦስት መልሶች ወደ ኋላ እንመረምራቸዋለን። አስቀድመን ስለ ምግቡ ራሱ ጥቂት እንበል፤ የማናውቀውን ነገር መጥላት የተማሪ ወግ አይደለምና።

ፉል ሙደመስ የሚባለው ደረቅ ባቄላ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ሌሊቱን በለዘብታ እሳት ሲበስል ያደረ ነው። ማሰሮውን ቂድራ ይሉታል፤ የካይሮ ሰው «ቀ»ን ስለማይጠራት በአፉ «ኢድራ» ትሆናለች። በቀድሞ ዘመን ይህ ማሰሮ የሚያድረው በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ምድጃ ረመጥ ውስጥ ነበር። ቀን ውኃ ሲያሞቅ የዋለው እሳት ሌሊት የድኻውን ቁርስ ያበስል ነበር ማለት ነው። ጠዋት ሻጩ በረጅም ጭልፋ እያወጣ ጨው፣ ከሙን፣ ሎሚና ዘይት ያደርግበታል። «ዘይት ሓር» የሚባለውን የጠየቀ ደንበኛ የሚጨመርለት የተልባ ዘይት ነው። እንግዲህ ባቄላ፣ ከሙንና ተልባ ለኢትዮጵያዊ አፍ ምናቸው እንግዳ ነው? ፉልስ ቢሆን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ቁርስ ቤት ገብተን ስንበላው ያደግን አይደለምን?

ከፉሉ ጎን ጠዕሚያ ይጠበሳል። በሶርያ፣ በሊባኖስና በፍልስጥኤም ፈላፍል ከሽምብራ ሲሠራ፣ የግብጽ ጠዕሚያ ግን ከተከካ ባቄላና ከአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ሲገመጥ ውስጡ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወደ ቀትር ደግሞ የኮሸሪው ተራ ይመጣል፦ ሩዝ፣ ምስር፣ ማካሮኒና ሽምብራ በአንድ ሳሕን፣ በላዩ ላይ የቲማቲም ስልስ፣ የነጭ ሽንኩርትና የኮምጣጤ ማጣፈጫ፣ ተጠብሶ የጠቆረ ሽንኩርት፣ ለፈለገም «ሸጣ» የተባለው በርበሬ። ሩዙና ምስሩ ከሕንድ፣ ማካሮኒው ከጣልያን መጣ ይባላል። ከየትም ይምጣ፣ የካይሮ ሠራተኛ የራሱ አድርጎታል። በነገራችን ላይ ግብጻውያን አገራቸውን «መስር»፣ በጽሑፍም «ምስር» ይሏታል፤ እኛ ምስር ስንል ወጡ ነው የሚታየን። አዲስ የመጣ ተማሪ «ምስር ትወዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ቀይ ወጥ ቢመልስ አይፈረድበትም።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በናይል ዳር በወረቀት ጥቅልል የሚሸጠው ተርሙስ ነው። ተርሙስ የጎጃም ሰው ግብጦ የሚለው ነው። ስሙን ለሚያዳምጥ ሰው ግብጽን ያስታውሳል። ፍሬው መራራ ስለ ሆነ ሳይዘፈዘፍ አይበላም። በጎጃም ተቆልቶ ለቀናት በወንዝ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ እዚህም ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ይዘፈዘፋል። በዓባይ ላይኛው ወገንና በዓባይ ታችኛው ወገን ያለ ድኻ አንዱን ፍሬ በአንዱ ወንዝ ውኃ ምሬቱን እያጠበ ሲበላ ኖሯል። ስለ ውኃው ድርሻ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

ከዚህ ከተማ ጋር ያለን የማዕድ ዝምድናም የትናንት አይደለም። በአል-አዝሃር የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል፣ ከእኛው ወገን የሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍል ነበር። ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ዘሩ ከዚያ ወገን ነው። ሪዋቆቹ ለተማሪዎቻቸው ከወቅፍ ገቢ የዳቦ ቀለብ ይሰጡ ነበር። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 እ.ኤ.አ. የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘች ድረስ ጳጳሷ ከዚህ ይሾም ነበር። የቅብጥ ክርስቲያን ዛሬም ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ ይጾማል። ፉሉ፣ ጠዕሚያው፣ ኮሸሪው ሁሉ በዘይት ከተሠራ የጾም ምግብ ነው። በረመዳንም ፉል የሱሑር ዋና ምግብ ነው፤ በአፍጥር ሰዓት ደግሞ «መዋኢድ አር-ረሕማን» የተባሉ የነጻ ማዕዶች በየመንገዱ ተዘርግተው ሙስሊም ነህ ክርስቲያን፣ ግብጻዊ ነህ እንግዳ ሳይሉ ያበላሉ። የሚጾም ኢትዮጵያዊ፣ የሁለቱም ሃይማኖት ልጅ፣ እንደዚህ የሚመቸው ከተማ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሌሎች ዓረቦች ዳቦን «ኹብዝ» ሲሉ ግብጻዊ «ዔሽ» ይለዋል፤ ሕይወት ማለት ነው። እኛም የሥራና የኑሮ ነገር ስናነሣ «የእንጀራ ጉዳይ ነው» እንላለን። በዚህ አገር ፖለቲካ ከዳቦ ተለይቶ አያውቅም። በጥር 1977 እ.ኤ.አ. የሳዳት መንግሥት ከዓለም አቀፍ አበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ በዱቄት፣ በዘይትና በስኳር ላይ የነበረውን ድጎማ ሲቀንስ ሕዝቡ ከአሌክሳንድርያ እስከ አስዋን ተነሣ። ጦር ሠራዊት ወጣ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ውሳኔውም በሁለት ቀን ውስጥ ተሻረ። በ2011 እ.ኤ.አ. በታሕሪር አደባባይ ሕዝቡ ከነጻነትና ከማኅበራዊ ፍትሕ በፊት በመጀመሪያ የጠራው «ዔሽ»ን ነበር። ከ30 ዓመት በላይ 5 ቂርሽ የነበረው የድጎማ ዳቦ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. 20 ቂርሽ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ የግብጽ ፓውንድ፣ ሐምሌ ውስጥ ደግሞ የእኛ ብር ምንዛሬያቸው ለገበያ ተለቀቀ፤ ሁለቱም በዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር የታጀቡ እርምጃዎች ነበሩ። ይህን በኢኮኖሚ ክፍል በሠንጠረዥ እንማረዋለን። ከጋሪው አጠገብ ግን ትናንት ሁለት ሳሕን ያዝዝ የነበረ ሠራተኛ ዛሬ አንዱን ለሁለት ሲካፈል በዓይናችን እናየዋለን።

ሌላም ትምህርት አለ። ግብጽ የምትበላው ባቄላ አብዛኛው ከውጭ የሚገዛ ነው፤ ከዋነኞቹ ሻጮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። ኢትዮጵያ በበኩሏ በዓለም ከቀዳሚዎቹ የባቄላ አምራቾች አንዷ ናት። ከእኛ ደጋ ተነሥቶ እስከ ካይሮ የሚደርስ ወንዝ እያለ፣ የካይሮ ድኻ ቁርሱን ከሌላ ክፍለ ዓለም በመርከብ ይጠብቃል። ግድቡ ከተጀመረበት ከ2011 እስከ ተመረቀበት መስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለቱ መንግሥታት ስለ ውኃው ሲነጋገሩ ኖረዋል። ስለ ባቄላው ግን ማን ይነጋገር? የእርሻ፣ የንግድና የኢኮኖሚ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያሉ ከሚጨነቁ ጠዋት ወጥተው አንድ ሳሕን ፉል ቢያዙ ርእሱ ከፊታቸው ይቀርባል።

እነሆ አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች።

አንደኛ፣ ንጽሕና። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም መልስ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያደረና ከማሰሮው በቀጥታ ትኩሱን የሚቀዳ ፉል ተበስሎ ለሰዓታት ከቀዘቀዘ ምግብ ይሻላል። ደንበኛ የሚበዛበትን ጋሪ መምረጥ፣ ሳሕኑ በምን ውኃ እንደሚታጠብ ማየት፣ ካላማረን በዳቦ ውስጥ ማስደረግ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጥሬ ቅጠል መጠንቀቅ ይቻላል። በደማቸው ውስጥ ባለ የኢንዛይም ጉድለት ምክንያት ባቄላ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ፉልና ጠዕሚያን ትተው ወደ ኮሸሪው ይሂዱ። ከዚህ ያለፈው ፍርሃት ግን ከጤና ይልቅ ንቀት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ክብር። የዚህ መልስ መዘዝ ከሁሉም የከፋ ነው። እዚህ በመንገድ ዳር ቆሞ መብላትን የሚያፍር ተማሪ ነገ አዲስ አበባ ተመልሶ ወንበር ሲይዝ፣ ቆሎና የበቆሎ እሸት የምትሸጠዋን፣ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ የምታቀርበዋን እናት የከተማ ውበት የምታበላሽ አድርጎ ነው የሚያያት። ደንብ አስከባሪ ሲያባርራት መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል። በቱኒዝያ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዕቃው የተወሰደበት የፍራፍሬ ሻጭ መሐመድ ቡአዚዚ በራሱ ላይ እሳት ሲለቅ፣ ያ እሳት እስከዚህ ከተማ አደባባይ ደርሷል። የጎዳና ሻጭን መናቅ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። የተማርነውስ ላስተማረን ሕዝብ እንድናገለግል እንጂ ከእርሱ ገበታ እንድንሸሽ ነውን?

ሦስተኛ፣ የሰዉ ዓይን። በዚህ ነጥብ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። በመንገድ ላይ በቆዳችን ቀለም የሚሳለቁ አሉ። የግድቡ ነገር በቴሌቪዥን ሲጋጋል «ውኃችንን ወሰዳችሁ» ብሎ የሚያፋጥጥ አለ። እኅቶቻችን ላይ ደግሞ ለከፋው ይጨመራል። የተሰደበ ሰው «ቻለው» ሊባል አይገባውም። ነገር ግን ቤት መዝጋት ስድቡን አላስቀረውም፤ የማያውቁን ሰዎች ቁጥር እንዳይቀንስ ብቻ አድርጓል። በየጠዋቱ የሚያየን ሻጭ፣ «ያ ዐም» ብለን እንደ አጎት የምንጠራው ሰው፣ በሳምንቱ ስማችንን ያውቃል፤ በወሩ ሌላው ሲያፋጥጠን «ተወው፣ ደንበኛዬ ነው» የሚለው እርሱ ነው። ስለ ግድቡም ቢሆን፣ በእናቱ ቤት መብራት የሌለ ተማሪ ለባቄላ ሻጭ በሰላም ቢያስረዳ ከብዙ የጋዜጣ ክርክር ይሻላል። የሻጩንም ስጋት መስማት አለብን፤ እርሱ ያለዚህ ወንዝ ሌላ ውኃ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር። የድኻን ምግብ አንድ ቀን ቀምሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ «ሕዝቡን አወቅሁት» ማለት ሌላ ዓይነት ንቀት ነው። ለሽርሽር የመጣ ቱሪስት ያደርገው ይሆናል። እኛ ዓመታት የምንቀመጥ ነንና ደንበኛ መሆን ይገባናል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተሉትን ቢያደርግ እንላለን፦

1ኛ. አዲስ ተማሪዎችን ለመቀበል በሚደረገው ዝግጅት ከመዝገብ ቤትና ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አንድ ማለዳ ለሰፈሩ ፉል ጋሪ ይመደብ። ነባሩ አዲሱን፣ ወንድሞችም እኅቶችም በቡድን ሆነው ይውጡ።

2ኛ. በመጽሐፍ የምንማረው ፉስሓ ከጋሪ አጠገብ ስለማይበቃ፣ የምግብ፣ የገንዘብና የሰላምታ ቃላት በሕዝቡ ንግግር በአንድ ገጽ ተዘጋጅተው በዚህ መጽሔት ይውጡ።

3ኛ. በበዓላችን ቀን በር ዘግተን ዶሮ ወጥ ከምንበላ፣ ጎረቤቶቻችንንና የምናውቃቸውን ሻጮች እንጥራ። የበላንበትን ሰው አለማብላት በእኛ ባህል ነውር ነው።

ይህን ለማድረግ ገንዘብም ፈቃድም አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ከትምህርት በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሣት ይበቃል። ፉሉ ከሌሊት ጀምሮ በስሎ ይጠብቀናል።