«ሽሚት» ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው

በጀርመን ከተሞች የደወል ሰሌዳ ላይ «ሽሚት» የሚል ስም ያላየ ሐበሻ አይገኝም። ከ«ሙለር» ቀጥሎ በአገሩ በብዛት የሚገኘው የቤተሰብ ስም ይኸው ነው። ትርጉሙን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሽሚት ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ሌላ የተሸሸገ ምስጢር የለውም።

የቤተሰብ ስም በጀርመን የተስፋፋው ከ12ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ከተሞች እየሰፉ ሄዱ፤ ዮሐንስ የሚባለው በዛ፤ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸገረ። ስለዚህ ሰውየው በሙያው ተጠራ፤ ስሙም ለልጅ ልጅ ተላለፈ። የሚገርመው፣ ሽሚት የበዛው ቀጥቃጮች ስለበዙ አይደለም። በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ስለነበረ «ቀጥቃጩ» ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር «ገበሬው» ቢባል ብዙም አይለይም።

አጻጻፉ እንደየአውራጃው ነው። ኮሎኝ አካባቢ «ሽሚትስ»፣ በደቡብ «ሽሚድ» ይላሉ። ወርቅ አንጥረኛው «ጎልድሽሚት»፣ ቢላ ሠሪው «ሜሰርሽሚት» ሆነ፤ በጦር አውሮፕላን የታወቀው ስም መሆኑ ነው።

ወደ ሐበሻው ቤት ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቀጥቃጭ ስም ሳይሆን ስድብ ነው። ማረሻውን ለገበሬው፣ ጦሩን ለወታደሩ ያበጀው ሰው «ቡዳ» ተብሎ በጎሪጥ ታየ፤ ቆዳ የሚያለፋውም «ፋቂ» ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ባሕር ተሻገረ።

ጀርመኖችም ከደሙ ንጹሕ አልነበሩም። ወንጀለኛ ሰቃይ፣ የሞተ ከብት ቆዳ ገፋፊ፣ በአንዳንድ ቦታም የተልባ እግር ሸማኔና ባለወፍጮ ሳይቀሩ «ክብር የሌላቸው» ተብለው ልጆቻቸው ወደ ሙያ ማኅበር እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1731 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ደንብ አብዛኞቹን ከዚህ እገዳ ነፃ ሲያወጣ ቆዳ ገፋፊውን ግን ተወው። አዋጅ ብቻውን ልብ አይለውጥም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ጊዜ ወስዷል። ዛሬ ግን በአገሩ በብዛት አንደኛ የሆነው ሙለር የዚያው የባለወፍጮው ስም ነው። ሄልሙት ሽሚት ከ1974 እስከ 1982 ቀጥቃጭ የሚል ስም ይዞ አገር መራ። ከ1998 እስከ 2005 የመራው የጌርሃርድ ሽሮደር ስም ልብስ ሰፊ ማለት ነው። የመኪና እሽቅድድሙ ሹማኸርም ጫማ ሰፊ ነው።

በስደት አገር እንኳ ሁለት ወጣቶች ተዋደው ሊጋቡ ሲሉ «መጀመሪያ አጥንቱ ይጠና» የሚል ሽማግሌ ብቅ ይላል። ወጣቱ ኢንጂነር ቢሆን፣ ታታሪ ቢሆን፣ የአያቱ መዶሻ ይቆጠርበታል። ያው ሽማግሌ ሰኞ ጠዋት ደም ግፊቱን ሊለካ ሲሄድ ዶክተር ሽሚትን ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው።