«አባባ፣ እሳቱ እዚህም አለ?»

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ልጄ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እኛ ዘንድ ሚዛን ተፈሪ መጣች። ባለቤቷ ሥራውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ እዚያው ቀረ። ነገሩን አትረሱትም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ባሰበት፤ ዶፈን አካባቢ ከመሬት እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ እየተፈናጠረ ሲወጣ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ።

ትልቋ የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ማታ ማታ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ራስጌዋ ታስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ውሃው ከተንቀሳቀሰ እንድነሣ ነው» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ምንም እሳት የለም፤ ተኚ» አልኳት። ተኛች። እኔም ጎበዝ አያት ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ከርመው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲነሡ ግን ጉድ ፈላ። ልጅቷ የበሩን መቃን ይዛ አልለቅም አለች። «አባባ እሳቱ እዚያ ነው ብለዋል! አባዬንም አምጡት!» ለካ እኔ ላባብላት ስል አባቷን እሳት ላይ ተቀምጦ የቀረ ሰው አድርጌባት ኖሯል። እናቷ ዝም ብላ አየችኝ፤ ከስድብ ይከፋል። ጉዞው ቀረ።

እንግዲህ ያኔ ነው ጠይቄም አንብቤም ነገሩን ለመረዳት የተነሣሁት። ያስረዳኋት ቡና ሲፈላ ነው። «ጀበናው ሥር ያለው ከሰል ቡናውን ይነካዋል?» አልኳት። አይነካውም፤ ሸክላው መሐላቸው አለ፤ ግን ያፈላዋል። ከፈንታሌ ተራራ ሥርም ቅልጥ አለት አለ። በጥንት ዘመን ብዙው ቅልጥ አለት ፈንድቶ ሲወጣ ከሥር ባዶ ቀረና የተራራው አናት ቁልቁል ሰመጠ። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ጎድጓዳ ካልዴራ ይሉታል። ወንጪን ያያችሁ፣ ሐይቁ የተኛው እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ከተማም ያለችው በትልቅ አሮጌ ካልዴራ ውስጥ ነው፤ ስንቱ እዚያ ተሞሽሯል!

ባለፈው ዓመት የሆነው ቅልጥ አለቱ በፈንታሌና በዶፈን መካከል አለቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን መሄዱ ነው። መንቀጥቀጡ የዚያ ስንጠቃ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። የመሬቱን መላወስ ከሰማይ ሳተላይቶች ለክተውታል። ቅልጥ አለቱ ግን ከመሬት በላይ ሳይፈስ ከሥር ቀረ።

«ታዲያ ይህ እሳት ለምን ይጠቅማል?» አለች። ይህን ጊዜ አሉቶን ነገርኳት። አሉቶ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለ እሳተ ገሞራ ነው። እዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ወደ ታች ሲቆፈር ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ነው የተማርነው፤ ጥልቁ ላይ ግን የአለቱና የውሃው ክብደት ስለሚጫነው ሳይተን ይቆያል። ጉድጓድ ሲከፈትለት እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ተርባይን ያሽከረክራል። እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያ 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሏል። ለዓመታት ቆሞ እንደነበር አልደበቅኳትም። ኬንያ ግን ከመብራቷ ትልቁን ድርሻ የምታገኘው ከዚህ ዓይነት እንፋሎት ነው።

ቀጥሎ የራሴን ውሸት ማረም ነበረብኝ። ከጓሮ፣ ከቡናው ሥር፣ አንድ እፍኝ ቀይ አፈር አመጣሁ። የእኛ የደቡብ ምዕራብ ምድር ከሚዛን እስከ ቴፒ በአመዛኙ የጥንት እሳተ ገሞራ አለት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀድሞ ፈስሶ፣ ቀዝቅዞ፣ በዝናብና በሙቀት እየበሰበሰ አፈር ሆነ። «እዚህም እሳት ነበር፤ የቀዘቀዘ ነው» አልኳት።

«ቡናችን እሳት ላይ ነው የበቀለው?»

«አመዱ ላይ በይው» አልኳት፤ በትክክል አመድ አይደለም፤ ጂኦሎጂ የተማራችሁ ይቅር በሉኝ።

አንዳንድ አረጋዊ ወዳጆቼ ለሕፃን «የኃጢአታችን ቁጣ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ይህን ስትሰማ የምትቆጥረው የእናንተን ኃጢአት አይደለም፤ ትናንት የሰበረችውን ብርጭቆ ነው። «ምንም የለም» ማለቱም ምን እንዳመጣብኝ ነግሬያችኋለሁ።

አባቷ እንደማይነቃነቅ ቃል አልገባሁላትም። ማድረግ የሚቻለውን ግን ተለማመድን፦ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከመስታወት መራቅ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈንና የጠረጴዛውን እግር ይዞ መቆየት፤ ደጅ ከሆኑ ከግንብና ከመብራት ምሰሶ መራቅ። ታናሽ ወንድሟ ጨዋታ መስሎት ሃያ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ለአባቷም በስልክ ራሷ አስተማረችው፤ «ጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን አንሣ» ብላ አዘዘችው።

መሬቱ ረገብ ሲል ተመለሱ። ከሻንጣዋ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ቀይ አፈር አለ። ባለፈው እሑድ ስትደውል የቡና ፍሬ ዘርታበት እንዳልበቀለ ነገረችኝ፤ የአዋሽ ሙቀት ነው መሰለኝ። ብርጭቆውን ራስጌዋ ታስቀምጥ እንደሆነ እናቷን ጠየቅኋት። «አልፎ አልፎ» አለችኝ።