ቦሎ የተለጠፈለት ጭስም ያው ጭስ ነው



የቡና ወቅት ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራ እሸትና ጀንፈል የጫኑ አይሱዙዎች ቀንና ሌሊት ወደ ጅማ ይመላለሳሉ። የሚለቁትን ጥቁር ጭስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ የልጃችሁን አፍንጫ በነጠላ የምትሸፍኑበት ጭስ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ባለመኪናውንም፣ መካኒኩንም፣ መርማሪውንም ደስ ላያሰኝ ይችላል። ቢሆንም መነገር አለበት።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያዛል። ቦሎ ማለት «ይህ መኪና ለመንገድ ብቁ ነው» የሚል ምስክርነት ነው። እኛ ግን «መኪናው እንዴት ይስተካከል?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «እንዴት ይለፍ?» ወደሚለው ገብተናል። ባሌስትራ ተጨምሮበት፣ ካሳው ረዝሞ፣ ዳገት እንዲወጣ የናፍታ ፓምፑ ከፋብሪካው ልክ በላይ የተለቀቀ አሮጌ አይሱዙ ለምርመራው ቀን ብቻ ፓምፑ ይቀነስለታል። ባዶውን ይሄዳል፣ ያልፋል። በማግስቱ ፓምፑ ወደነበረበት ይመለሳል። ቦሎው ዓመቱን ሙሉ መስታወቱ ላይ ይቆያል፤ ጭሱም ዓመቱን ሙሉ የልጆቻችን ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ታላቁ የጀርመን ኩባንያ ቮልስዋገን ምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይተው ያን ጊዜ ብቻ ጭስ የሚቀንሱ መኪኖችን ሲሸጥ ተይዟል። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ነክቷል። እዚያ በኮምፒውተር የተሠራው እዚህ በካቻቪቴ ይሠራል፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

ጭሱ ምን ያደርጋል? የናፍታ ጥላሸት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ብናኝ ነው። አፍንጫ አያስቀረውም፤ የሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። አስም ያለበትን ልጅ ያስነሳበታል፣ ለሳንባ ምች ያጋልጣል፣ በአዋቂ ላይ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍታ ሞተር ጭስን ሲጋራ ባለበት ምድብ፣ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር አስቀምጦታል። በለንደን በ2013 እ.ኤ.አ. በአስም የሞተች ኤላ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤቷ መኪና ከሚበዛበት መንገድ አጠገብ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የሞቷን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ መዝግቧል።

ልጆች ደግሞ ከእኛ ይበልጥ ይጎዳሉ። ከአዋቂ ፈጥነው ይተነፍሳሉ፣ ቁመታቸውም ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው።

የሚቀርቡልኝን ሦስት መልሶች አውቃቸዋለሁ።

«ጥቁር ጭስ ጉልበት ነው።» አይደለም። ጥቁር ጭስ በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ገንዘባችሁ በማርሚታ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። አየር ባነሰበት ቦታ ናፍታ መጨመር ጥላሸት መጨመር ነው።

«የቤት የማገዶ ጭስ ይብሳል።» እውነት ነው፣ የማገዶ ጭስ ብዙ ልጆችን ይጎዳል። ግን ልጁ ያለው አንድ ሳንባ ነው። ቤት ውስጥ የማገዶውን፣ መንገድ ላይ የናፍታውን ይጠጣል። አንዱ ሌላውን አያካክሰውም፤ ይደማመራሉ።

«አዲስ መኪና ከየት ይምጣ?» ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፣ አልንቀውም። በዚያ አይሱዙ ልጆች ይማራሉ፣ ቤተሰብ ይበላል። መኪናው ይጣል አላልኩም። ፊልትሮው በጊዜው ይቀየር፤ ኢንጀክተሩ ይመርመር፤ ፓምፑ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለስና እዚያው ይቆይ፤ ጭነቱ በልክ ይሁን። ለምርመራ ቀን የሚከፈለው የመካኒክ ዋጋ በትክክል ለማሠራት ይዋል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነውና ሞተሩ ራሱ ይታይ።

መርማሪ ለሆናችሁ፦ ጭስን በዓይን ገምቶ ማሳለፍ ምርመራ አይደለም። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ተረግጦ፣ በመሣሪያ ይለካ። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በወቅቱ መሐል መንገድ ላይ ድንገት ይታይ። የሚታወቅ ቀን ያለው ፈተና የሚያስተምረው መዘጋጀትን ብቻ ነው።

እናንተ ወላጆችስ? ትምህርት ቤት በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም መኪና ካለ ሹፌሩን በትህትና «ወንድሜ፣ አጥፋልን» በሉት። የወላጅ ኮሚቴ ካለ አጀንዳ አድርጉት። ልጁን ከዋናው መንገድ በአንድ ሰፈር ገባ ብሎ ባለው መንገድ ማመላለስ ከተቻለ እሱን ምረጡ። ነጠላና ተራ ማስክ ይህን ብናኝ በቅጡ አያስቀሩም፤ በእነሱ አትተማመኑ። አስም ያለበት ልጅ የታዘዘለትን ፓፍ አያቋርጥ፤ «ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ሐሰት ነው።

እነዚህን ካያችሁ ሽሮፕ አትፈልጉ፣ አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አትግዙ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፦

• በደቂቃ የሚተነፍሰው፣ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ (ልጁ ረጋ ባለበት ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ)
• ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ
• መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
• ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከደከመ

እኛ ሐኪሞች ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ኦክስጅን እንሰጠዋለን፣ ፓፍ እናዝለታለን፣ ሲሻለው እናሰናብተዋለን። ግን ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው ጭስ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ያለው ፋርማሲ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ነው።

አይሱዙ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን ላኩለት። እሱም አባት ነው፣ ይገባዋል።