ክራር ከእራት ሰዓት በፊት

ቅዳሜ ጧት በቦሌ መንገድ፣ በገርጂና በሲ.ኤም.ሲ. ሠፈሮችም፣ ቫዮሊኑን በጀርባው ያዘለ ወይም የፒያኖ ኖታውን በቦርሳው የያዘ ሕፃን በወላጁ እጅ እየተመራ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ሲሄድ ማየት የተለመደ ሆኗል። ነገሩ በጎ ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ዳሩ ግን በዚያው ዕለት ማታ፣ በዚያው መንገድ ዳር በሚገኝ የባህል ምግብ ቤት፣ ክራርና ማሲንቆ ተጫዋቾች ጥልፍ ለብሰው የእንግዳና የቱሪስት እራት ማወራረጃ ይሆናሉ። ያ ሕፃን ክራርን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ በዚህ አኳኋን ነው፤ ከክትፎና ከጠጅ ብርሌ ጋር። ፒያኖ የሚማሩት ነገር ነው፤ ክራር ግን እየበሉ የሚያዩት።

አንድ ሰው በልጅነቱ የዳሰሰው የሙዚቃ መሣሪያ ማንነቱን ይቀርጻልን? ይቀርጻል ከተባለስ የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች በምን እየተቀረጹ ነው?

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ፈጥነው ይሰለፋሉ። አንደኛው «የባዕድ መሣሪያ ባህላችንን አጠፋው» እያለ ይጮኻል። ሁለተኛው «ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ነው፤ ክራር ለዛሬ ልጅ ምን ይፈይድለታል?» ሲል ይሳለቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው፤ ሁለቱም መሣሪያውን ያያሉ እንጂ ጆሮውን አያዩም።

የጌታቸው መኩሪያን ነገር እንመልከት ቢባል ለሁለቱም ወገን መልስ ይገኝበታል። ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። በመጀመሪያ እጁ የገቡት ክራርና ማሲንቆ ነበሩ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን የመጡት ኋላ ነው። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። ሳክስፎን የቤልጂግ ሰው የፈለሰፈው፣ ለወታደር ሰልፍ ሙዚቃ የተመቸ መሣሪያ ነው። ጌታቸው ግን ሽለላን አወጣበት። ሽለላ ደግሞ ፈረሰኛው ለዘመቻ ሲነሣ፣ አዝማሪው በማሲንቆ እያጀበ ደሙን የሚያሞቅበት ዜማ ነው፤ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ የሚሻክር። ይህን ሁሉ ከሳክስፎኑ ያስወጣው የትኛው የኖታ መጽሐፍ ነው? ከንፈሩ የነፋው የፈረንጁን ቧንቧ ይሁን እንጂ ያዘዘው የማሲንቆው ጆሮ ነው። በ1998 ዓ.ም. የሆላንዱ ዘ ኤክስ የተባለ የሙዚቃ ጓድ ሰባ ዓመት ካለፈው ከዚህ ሰው ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ። አውሮፓ የሳክስፎን ተጫዋች አጥታ አይደለም፤ እንዲህ የሚሸልል ሳክስፎን ግን አልነበራትም። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ያ ድምፅ ከእርሱ አልተለየም።

«እንግዲያው ባዕድ መሣሪያ ልጅነትን አይቀርጽም» የሚል ቢኖር ደግሞ ኃይሉ መርጊያን ይጠይቅ። አኮርዲዮን ከደጋም ከቆላም የበቀለ አይደለም፤ ቢሆንም ኃይሉ ኦርጋን ከመያዙ አስቀድሞ በወጣትነቱ የያዘው አኮርዲዮን ነበር። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ በአዲስ አበባ ሒልተን ታዋቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከዚያው ቀረ። በባዕድ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ካሴት ሲሠራ ምን አነሣ? የጊዜውን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ከጎኑ ደርድሮ አኮርዲዮኑን አቀፈ፤ «ሸሞንሟናዬ»ንም ተጫወተበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሰ። በአኮርዲዮኑ ውስጥ የሚሰማው ግን ፓሪስ አይደለም፤ ትዝታና ባቲ ነው። መሣሪያው ባዕድ ሊሆን ይችላል፤ በሠፈር፣ በሠርግና በሬዲዮ ቀድሞ የሞላው ጆሮ ግን ባለቤት ነበረው።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጌታቸውም ሆነ የኃይሉ ትውልድ ጆሮ ማንም ሳያስተምረው ይሞላ ነበር። የዛሬው የቦሌ ሕፃን ከቤት በመኪና ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ስልክ መስተዋት የሚሸጋገር ነው። ለእርሱ ፒያኖው ሁለተኛ መሣሪያ አይደለም፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ፒያኖ ትልቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለልጁ አይሰጠውም፤ መቃኘትን። የፒያኖ ድምፆች በአሥራ ሁለት እኩል እርከን ተከፍለው፣ በባለሙያ ተቃኝተው፣ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ክራር ግን አይጠብቅም። ክራር የያዘ ልጅ ገና አንድ ዜማ ሳይጫወት ስድስቱን አውታር እያከረረና እያላላ፣ ጆሮውን ወደ ገበቴው አዘንብሎ፣ ትዝታ ነው ባቲ፣ አምባሰል ነው አንቺ ሆዬ ብሎ መምረጥ ይኖርበታል። አንድ አውታር ጥቂት ቢላላ ቅኝቱ ይለወጣል፤ ከቅኝቱም ጋር ስሜቱ። የማሲንቆ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ በአንዲት የጭራ አውታር ላይ ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው ጣት ብቻ ነው፤ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚያድር ድምፅም አለ። እንዲህ የሠለጠነ ጆሮ በኋላ ፒያኖ ቢቀርብለት ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል።

እዚህ ላይ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስም የሚጠራ ተቃዋሚ አይጠፋም። በእርግጥም እማሆይ በሕፃንነታቸው ስዊስ አገር ተልከው የተማሩት ቫዮሊን ነው፤ ፒያኗቸውም ኢትዮጵያዊ አነጋገር አለው። ይሁን እንጂ ያ አነጋገር ከስዊስ የመጣ አይደለም። በግሸን ማርያም ገዳም ኖረዋል፤ በጎንደርም የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በልጅነት ያልተሰጠውን በአዋቂነት በድካም የሚሞላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን ግን ከእያንዳንዱ የቦሌ ሕፃን መጠበቅ ደግ አይደለም።

ወላጁን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መንግሥታዊ ተቋማት በዚህ ረገድ እጃቸው ንጹሕ አይደለም። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የበገናን ፍቅር ያገኙት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ፣ የአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤልን በገና ተሸክመው ሲያደርሱ ነው። አድገው በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን በገና የሃይማኖት ነው ተብሎ ከሬዲዮ ተገለለ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አሥሩን አውታር ሲደረድሩ መታየታቸው፣ ያ ተሸካሚ ልጅና መሰሎቹ አደራቸውን ስላልጣሉ ነው። አዋጅ አላቆየውም።

በገና ቢያንስ ክብር አለው፤ የዳዊት ነው ይባላል። ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ፣ የያዘውም «አዝማሪ» ተብሎ እየተናቀ የኖረ ነው። ያ ንቀት የጠፋ ይመስላል፤ ግን መልኩን ነው የለወጠው። ትናንት «ልጄ አዝማሪ አይሆንም» ይል የነበረ አባት ዛሬ «ልጄ ባህሉን ይወዳል» ይላል፤ ለበዓል የአገር ልብስ ያለብሰዋል፤ ክራር ግን አይገዛለትም። ፒያኖ የሚገዛበት ገንዘብ ስንት ክራር እንደሚያሠራ አላሰበውም ለማለት ይከብዳል። አስቦታል፤ ርካሽነቱ ራሱ አሳፍሮታል።

የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አለ። መጽሐፍ የክራርን ሥዕል ሊያሳይ ይችላል፤ አውታሩን ግን አያከርም። በየክፍሉ አሥር ክራር ይኑር፤ ልጁ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ራሱ ይቃኘው፤ ፒያኖው ከዚያ በኋላ ይምጣ። አስተማሪ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ መምህራን ሲሠለጥኑበት የኖሩበት ኮተቤ በዚሁ በምሥራቁ በር ነው፤ ሥልጠናውን እዚያ መጀመር ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ግን አስተማሪው ሩቅ አይደለም። ማታ ማታ በቦሌ የባህል ምግብ ቤቶች በትሪ መካከል ቆሞ የሚጫወተው ሰው ቅኝቱን ከአባቱ የተማረ ሊሆን ይችላል። ማንም በአስተማሪነት ጠርቶት አያውቅም። ዲፕሎማ የለውም ተብሎ ከትምህርት ቤቱ በር መመለሱ ይቅር፤ ለሰዓቱ እንደ ፒያኖ አስተማሪው ይከፈለው። ክራሩ እንደሆነ እስከ እራት ሰዓት ድረስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።