እድር የማይችለው ውሃ

በ1988 ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ካርቱም በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት (ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በተለመደ ዓመት ሙሉ ክረምቱን ጠብቃ የምታገኘው ዝናብ እንኳ ከዚህ ያንሳል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። በ2020 ደግሞ ነገሩ የመጣው በወንዙ በኩል ነበር፤ የጥቁር አባይ ከፍታ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ የ1946ንም የ1988ንም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ መንግሥትም አገሪቱን የአደጋ ቀጠና ብሎ የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ።

ሁለቱም ጎርፍ ይባላሉ እንጂ አመጣጣቸው አንድ አይደለም። አንዱ ከኛ ደጋ ተነሥቶ ቀናት ተጉዞ፣ እየታየና እየተለካ ይደርሳል። ሌላው በአንድ ሌሊት ከራስ በላይ ይፈስና መሄጃ አጥቶ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ስለ ጎርፍ መድን ሲወራ ይህ ልዩነት ተዘልሎ ወደ አረቦን ስሌት ይገባል። ሶባ ላይ ግን እሱ ተዘልሎ የሚሠራ ነገር የለም።

ሶባ ከካርቱም መሃል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር አባይ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። በምሥራቁ ዳርቻ የአልዋ መንግሥት መዲና ፍርስራሽ አለ፤ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፉ ስሟን የጠቀሳት ያቺው አልዋ። ሰው በዚያ ዳርቻ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። «ለምን ከወንዝ ዳር ይሰፍራሉ?» ለሚል የቢሮ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም። የምዕራቡ ሶባ ታሪክ ሌላ ነው። በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀለ ሰው ካርታ ሳይኖረው የሰፈረበት ሰፊ ቦታ አለው። በ2005 ነዋሪውን ለማስነሳት ሲሞከር ደም ፈሷል።

ቤቱ ጃሉስ ነው፤ ሱዳኖች ጭቃን በእጅ እየደረደሩ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላውን እየጫኑ የሚያቆሙት ግድግዳ። በደረቅ አገር ከጃሉስ የሚሻል የለም፤ ቀን ያቀዘቅዛል፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ጠላቱ ከላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም። ሥሩ የተኛው ውሃ ይብሳል። መሬቱ እንደኛ መረሬ ነው፤ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሰርግም። ከፍ ተደርጎ የተሠራው አስፋልት ደግሞ ለሰፈሩ እንደ ግድብ ይሆንበታል። የግድግዳው እግር ከታች ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ወደ ውጭ ያብጣል። ከላይ ያለው ደረቅ ክፍል ግን ክብደቱ እንዳለ ነው። አንዳንዴ ውሃው ጎድሎ፣ ሰው «አለፈልን» ብሎ ዕቃውን ሲያስገባ ይናዳል። ጉድጓድ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ከጎርፉ ጋር መቀላቀሉን ስንጨምርበት፣ ከውሃው በኋላ የሚመጣው በሽታ ራሱን የቻለ ሁለተኛ አደጋ ይሆናል።

አሁን የመድን ኩባንያ ወደዚህ ሰፈር ይምጣ እንበል። በመጀመሪያ የሚጠይቀው የባለቤትነት ካርታ ነው፤ የለም። ቀጥሎ የቤቱ ግምት ነው፤ ገማች ልኮ የሚያወጣው ወጪ ከአረቦኑ ሊበልጥ ይችላል። እኛም አገር የጎርፍ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእሳት አደጋ ውል ላይ በተጨማሪ ክፍያ ነው። መጋዘንና ፋብሪካ ያለው ይገዛዋል፤ የፎገራ ገበሬ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው ሲዋጥ የሚያሳየው ፖሊሲ የለውም።

ሀብት ቢኖርም ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የግል ኩባንያዎች የ1927ቱን የሚሲሲፒ ጎርፍ ካዩ በኋላ ከሥራው ሸሹ። በ1968 መንግሥት ራሱ ሻጭ ሆነ፣ ፕሮግራሙም ዛሬ ለግምጃ ቤቱ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ አለበት። እዚያም ቢሆን ሕዝቡ «በመቶ ዓመት አንዴ» የሚባለውን ጎርፍ ሲሰማ፣ «አንዴ ካየሁት ቀጣዩ ለልጅ ልጄ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ስሌቱ የሚለው ግን በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ነው። በአንድ ቤት 30 ዓመት ለሚኖር ሰው ወደ 26 ከመቶ ይደርሳል።

ኩባንያው ካልደረሰ መረዳዳቱ አለ ይባላል። እውነት ነው፣ አለ። ሱዳን ውስጥ ነፊር ይሉታል፤ ደቦ ነው። በ2013 ክረምት የካርቱም ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው መንግሥት ሳይደርስ ምግብና ሸራ ለጎርፍ ተጎጂዎች አዳረሱ። ካርቱም ውስጥ ባለችው ቱቲ ደሴት ላይ ደግሞ ጣያ የሚሉት የጥበቃ ሥርዓት አለ፤ በሙላት ወራት ነዋሪው በፈረቃ ዳርቻውን እየጠበቀ ያድራል፣ ውሃ ሲሰብር ሁሉም አፈር ይዞ ይሮጣል። የኛ ሰው ደግሞ በሄደበት ሁሉ እድሩን ይዞ ይሄዳል።

እድር ግን የሚሠራው መከራ ተራ በተራ ሲመጣ ነው። ዛሬ እገሌ ቤት ለቅሶ አለ፣ ዘጠና ዘጠኙ ያዋጣሉ። ጎርፍ ተራ አይጠብቅም። አዋጪውም ተቀባዩም በአንድ ሌሊት እኩል ይራቆታሉ፤ ድንኳኑና ወንበሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ «እድራችንን እናጠናክር» የሚለው ምክር፣ ብዙ ጊዜ በቅን ልብ ቢነገርም፣ ለጎርፍ መፍትሔ አይሆንም። እድር ከሰፈሩ ውጭ፣ ውሃው ካልነካው ሌላ ገንዘብ ጋር መታሰር አለበት። ኩባንያዎች ራሳቸው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ጠለፋ መድን የሚሉት ይህ ነው። የተነፈገው የሰፈር ማኅበር ነው።

ሱዳን ለዚህ ባዳ አይደለችም። በዓለም የመጀመሪያው ዘመናዊ የተካፉል ኩባንያ የተቋቋመው በ1979 እዚያ ነው። አባላት እንደ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ከካሳ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል። ከእድር ጋር ዘመድ ነው፤ የጎደለው ጃሉስ ቤት ድረስ መውረዱ ነው።

የሚወርደው ገማች ሳይልክ ሲከፍል ነው። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ፣ ቤት ፈረሰ አልፈረሰ ሳይባል ገንዘብ ይለቀቃል። በዚያው በ2020 ሐምሌ ላይ ባንግላዴሽ ውስጥ የጃሙና ወንዝ ትንበያ ታይቶ፣ ሙላቱ ጫፍ ሳይደርስ ለድሃ ቤተሰቦች 4,500 ታካ ተላከላቸው። በተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ የተደረገ እንጂ መድን አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ከጎርፍ በፊት የመጣ ገንዘብ ከብት ያሸሻል፣ እህል ከፍ ያደርጋል። ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣው ዕዳ ይከፍላል፣ ምናልባት።

አረቦኑን ማን ይከፍላል? ለዚህ የትግራይን ምሳሌ እወስዳለሁ። በ2009 ዓዲ ሓ ላይ የተጀመረው የዝናብ መድን ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በእርከንና በተፋሰስ ሥራ እንዲከፍል አድርጓል። ሶባ ላይ ይህ ጉልበት የውሃ መውረጃ ቦይ ቢቆፍርበት አረቦኑም ይከፈላል፣ አደጋውም ይቀንሳል። ነፊሩ እኮ አለ፤ የሚመጣው ግን ከጎርፉ በኋላ ነው። ከክረምት በፊት ይጠራ።

የክፍያው መለኪያ ሁለት መሆን አለበት፤ ወንዙና ዝናቡ። የወንዙ ከፍታ ብቻ ከሆነ የ1988ቱ ዓይነት ሌሊት ምዕራብ ሶባ በዝናብ ስትዋጥ ወንዙ ከመስመሩ በታች ሊሆን ይችላል፤ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ «አልደረሰም» ይባላል። እንዲህ ያለ አንድ ክረምት ለመድን ያለውን እምነት ለዓመታት ይገድለዋል።

የወንዙ መለኪያ ደግሞ ወደኛ ያመጣናል። ጥቁር አባይ ወደ ሱዳን ሲገባ የሚለካው ድንበሩ አጠገብ ዴይም ላይ ነው። ከእንግዲህ ወደዚያ የሚደርሰውን ውሃ የሚወስነው ክረምቱ ብቻ ሳይሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብም ነው። ግድቡ የተለመደውን ሙላት ያለዝባል፤ ይህን ስንል ቆይተናል፣ ልክም ነን። ያላልነው ሌላው ነው፦ ትንንሹ ሙላት ሲቀር ሰው ወደ ዳር ይጠጋል፣ ትናንት የማይደፈረው ቦታ ይታረሳል፣ ይሠራበታል። ከዚያ በአንድ ክፉ ዓመት የሚለቀቀው ውሃ ከበፊቱ ቢያንስም የሚያገኘው ሰው ይበዛል። ግድቡ መስከረም 2025 በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሆነ፣ ግብፅ ከሰሰች፣ ኢትዮጵያ አስተባበለች። የክርክሩ ዳኛ መሆን ያለበት በየቀኑ የሚለቀቀው ውሃ ልክ ነበር። ያ ቁጥር የሱዳኑ ሮሴሬስ ግድብም ሶባም በየማለዳው እንዲደርስ ማድረግ ለአዲስ አበባ ብዙ አያስወጣም፤ ያለ እሱ ግን የትኛውም መድን ሰጪ የወንዙን አረቦን ሊተምን አይችልም።

ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ሶባንም አልማረም። ካርቱም በ2025 ለተመላሾች ከተከፈተች ወዲህ ሰው የፈረሰ ግድግዳውን እያቆመ ነው። አብዛኛው ያው ጃሉስ ነው፣ በዚያው መረሬ ላይ። መሠረቱን አንድ ክንድ ከፍ ለማድረግና ቦዩን ለመክፈት የሚቀለው ግድግዳው ሳይደርቅ ነው።