ዕጣ ቡድን አይሠራም

የቅርጫት ኳስ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አይጠፋም፤ ተሸናፊ ቡድን ምን ያድርግ? አንዳንዱ «ይሸነፍ፣ እስከ ታች ይውረድ፤ ያኔ የምልመላው ዕጣ ኮከብ ያመጣለታል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ወጣቶቹን ሰጥቶ አንድ ስመ ጥር ሰው ያምጣ» ባይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል። ማስረጃችን የአሜሪካው ዲትሮይት ፒስተንስ ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ታላቁ ሊግ አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ይጫወታል። ዘመኑ ሲያበቃ ለጥሎ ማለፉ ያልበቁት ቡድኖች ዕጣ ይወጣላቸውና አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ ተራ ይይዛሉ። የደንቡ ዓላማ ደካማውን መደገፍ ነበር። ነገር ግን አንዳንዱ ቡድን ድክመትን ራሱን ዘዴ አደረገው። ስለዚህም በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች አንደኛውን ተራ የማግኘት ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ ሆነ። እንግዲህ 86 በመቶው ባዶ ነው ማለት ነው።

ዲትሮይት ይህን በራሱ ላይ አየው። በ2022–23 የውድድር ዘመን 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ፤ ከሁሉ በታች ሆኖም ዕጣው አምስተኛ ተራ ሰጠው። በተከታዩ ዘመን 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ፤ ከእነዚህም 28ቱ በተከታታይ ነበሩ። አሁንም አምስተኛ ተራ! ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ ያገኘው ይኸው ነው። ፊላዴልፊያም ከ2013 እስከ 2016 በሦስት የውድድር ዘመናት 47 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 199 ጊዜ ተሸነፈ። ትልልቅ ዕጣዎች ደርሰውታል፤ ይሁንና እስከ 2025 ድረስ ለምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ እንኳ አልበቃም።

በ2024 ክረምት የዲትሮይት ኃላፊዎች ምን አደረጉ? አሠልጣኙ ሞንቲ ዊሊያምስ ከአንድ ዓመት ሥራ በኋላ ተሰናበቱና ጄ. ቢ. ቢከርስታፍ ተተኩ። ወጣቶቹ እነ ኬድ ኩኒንግሃም አልተበተኑም። ከጎናቸው ግን ልምድ ያላቸውና ከሩቅ መወርወር የሚችሉ ሰዎች ተጨመሩ፤ ቶባያስ ሃሪስ፣ ማሊክ ቢዝሊና ቲም ሃርዳዌይ ትንሹ። ከእነዚህ አንዱም የዘመኑ ታላቅ ኮከብ የሚባል አልነበረም። ውጤቱስ? በ2024–25 ቡድኑ 44 አሸንፎ 38 ተሸነፈ። ድሉ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ቢዝሊ ብቻውን 319 የሦስት ነጥብ ቅርጫቶች አስቆጠረ። በጥሎ ማለፉ በኒው ዮርክ 4 ለ 2 ተረታ፤ ቢሆንም ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያዎቹን የጥሎ ማለፍ ድሎች አግኝቶ ነው የወጣው።

«ታዲያ ኩኒንግሃም ራሱ የ2021 አንደኛ ዕጣ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ነው። ግን ያ 28 ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈው ቡድንም እኮ ኩኒንግሃም ያለበት ቡድን ነበር! ዕጣ ድንጋዩን ሊሰጥ ይችላል፤ ቤቱን ግን አይሠራም።

የዚያው ከተማ የቀድሞ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ2003 ዲትሮይት ሁለተኛው የምርጫ ተራ በእጁ ገብቶ ዳርኮ ሚሊቺችን መረጠ፤ የኋላ ኋላ ታላቅ የሆነው ድዌይን ዌድ ገና አልተወሰደም ነበር። ሚሊቺች የታሰበለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። በ2004 ግን ዲትሮይት ሻምፒዮን ሆነ። የመከላከሉ ምሰሶ ማን ነበር? በ1996 ምልመላ አንድም ቡድን ያልመረጠው ቤን ዋላስ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

ሆን ተብሎ መሸነፍ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በወጣቶቹ ላይ ነው። የ19 እና የ20 ዓመት ልጅ በየምሽቱ እየተረታ፣ ጥፋቱን የሚያርምለት ታላቅ ሳይኖረው ሲቀር፣ ሽንፈትን እንደ ትምህርት ይለምደዋል። የለመደውን ማስጣል ደግሞ አዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

ነገሩ እኛን እጩ መምህራንን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ነገ የምንገባበት ክፍል እኛ መርጠን የሰበሰብነው አይሆንም። «ጎበዝ ተማሪ ቢደርሰኝ ኖሮ» እያለ ዓመቱን የሚገፋ መምህር፣ ዕጣ እየጠበቀ ወለል ላይ ከተኛ ቡድን በምን ይለያል? አሠልጣኝም መምህር ነው። ሥራው ያሉትን ማወቅ፣ የጎደለውን መለየት፣ ደካማውን ከበሰለው ጎን ማስቀመጥና በየቀኑ ማረም ነው። ይህን ያደረገ ጥሩ ዕጣ ቢደርሰው ይጠቀምበታል፤ ባይደርሰውም ሥራው አይቆምም።

ስለዚህ ተሸናፊ ቡድን ምን ያድርግ ለሚለው መልሳችን አጭር ነው፤ ያሉትን ያስተምር።